የሚታጠፍ፣ የሚፈታ፣ የሚጠገን፦ ስለሚመራው የሕክምና ዘንግ የቀረበ ማኒፌስቶ

በሰው ገላ ውስጥ ቀጥ ያለ መንገድ የለም። ከብሽሽት ወደ ልብ የሚወጣው የደም ሥር እየታጠፈ ይሄዳል። ትልቁ አንጀት ሆድን ዙሪያውን ከብቦ ይጠማዘዛል። የሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር ይሸሸጋል፤ ኩላሊት ከሆድ ዕቃ ጀርባ ይቀመጣል። የሐኪም መሣሪያ ግን ለብዙ ዘመን ቀጥ ያለ ብረት ነበር። ቀጥ ያለ ብረት ጠማማ መንገድ ሲገጥመው ወይ መንገዱን ይቀድዳል፣ ወይ ይመለሳል። በብዙ ሕሙማን ሆድና ደረት ላይ የሚታየውን ረጅም ጠባሳ በሽታው አልጠየቀውም፤ የሐኪሙ እጅና ዐይን እንዲያልፉ የተከፈተ በር ነው።

እኛ ያ በር እንዲጠብ የምንሠራ ሰዎች ነን። የባዮሜዲካል መሐንዲሶች፣ ቀዶ ሐኪሞች፣ የልብ ሐኪሞች፣ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርሶች፣ መሣሪያ የሚያመክኑ ባለሙያዎች፣ ብረት በቶርኖ የሚቀርጹ ሠራተኞች ነን። ያሰባሰበን አንድ ዕቃ ነው፦ ከውጭ በእጀታው ሲታዘዝ ገላ ውስጥ በጫፉ የሚታጠፍ ቀጭን ዘንግ። ካቴተር ቢሆን፣ ኢንዶስኮፕ ቢሆን፣ በሆድ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ የሚገባ የላፓሮስኮፒ መቆንጠጫ ቢሆን፣ ጥያቄው አንድ ነው። ጫፉ ወደ ፈለግነው ይሄዳል ወይስ አይሄድም?

አቋማችንን በግልጽ እንናገር። የሚመራ ዘንግ መሥራት የተቻለው ቀድሞ ነው። ዛሬ የጎደለው ፍትሕ ነው። ይህ ብቃት ውድ ማሽን መግዛት ለቻለ ሆስፒታል ብቻ የተተወ ችሎታ ሆኖ መቅረት የለበትም። ስለዚህ የሚመራ ዘንግ ሁሉ የሚታጠፍ ብቻ ሳይሆን የሚፈታ፣ የሚታጠብ፣ የሚጠገን፣ አሠራሩም ለሚጠቀምበት ሰው የተገለጠ እንዲሆን እንጠይቃለን፤ እንሠራለንም።

ከኋላችን ያለው መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1929 ጀርመናዊው ወጣት ሐኪም ቬርነር ፎርስማን በኤበርስቫልደ ከተማ ለሽንት ቧንቧ የተሠራ 65 ሴንቲ ሜትር ካቴተር በክንዱ የደም ሥር አስገብቶ እስከ ገዛ ልቡ ገፋው። ከዚያም በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ጫፉ የት እንደደረሰ በፎቶግራፍ አስመሰከረ። ደረት ሳይከፈት ልብ ድረስ መድረስ እንደሚቻል ያን ቀን ታወቀ። የኖቤል ሽልማት የተጋራው ግን ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1956 ነው።

በ1957 ባዚል ሂርሾዊትዝ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራውን በመስታወት ክሮች የሚያሳይ ተጣጣፊ መሣሪያ መጀመሪያ በራሱ ጉሮሮ ሞከረው። ከዚያ በፊት ጨጓራ ለማየት ሕመምተኛው ግትር ወይም ከፊል ግትር ቱቦ መዋጥ ነበረበት። በ1977 አንድሬያስ ግሩንትዚግ በዙሪክ የጠበበ የልብ ደም ሥርን በካቴተር ጫፍ ባለ ፊኛ ከፈተ። በ1985 ኤሪክ ሙኤ በጀርመን ቦብሊንገን የሐሞት ከረጢትን በላፓሮስኮፒ አወጣ፤ የአገሩ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር መጀመሪያ ቢነቅፈውም በኋላ ሸልሞታል። በ2000 ደግሞ ዳ ቪንቺ የተባለው ሮቦት በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ፣ በሆድ ውስጥ እንደ ሰው አንጓ የሚታጠፍ የመሣሪያ ጫፍን ለቀዶ ሐኪሞች አቀረበ።

እነዚህን ሰዎች የምንጠቅሰው ሐውልት ለማቆም አይደለም። ከሥራቸው የምንወስደው አንድ ነገር አለ፦ እያንዳንዱ እርምጃ መሣሪያው ለሰውነት እንዲታዘዝ ያደረገ እርምጃ ነው። ቀድሞ ሰውነት ለመሣሪያው ይከፈት ነበር። አሁን መሣሪያው ለሰውነት ይታጠፋል። ይህን አቅጣጫ እስከ መጨረሻው እንከተላለን።

ይህ ጉዳይ ለምን የእኛ ሆነ

በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃ አንድ የልብ በሽታ አለ። በልጅነት የሚይዝ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር ሰውነት ለባክቴሪያው ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የልብን ክዳን ያቆስላል። ክዳኑ ጠባሳ ይዞ ይጠባል፤ ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ወጣቷ ደረጃ መውጣት ያቅታታል፣ ካረገዘች ደግሞ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህ የሪውማቲክ የልብ በሽታ ነው።

ደረትን ከፍቶ ክዳኑን መቀየር ይቻላል። ለዚያ ግን የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራ ማሽን፣ ሰው ሠራሽ ክዳን፣ ከዚያም በኋላ ክዳኑ ብረት ከሆነ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትና የማያቋርጥ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ጃፓናዊው ቀዶ ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ በ1984 ባሳተመው ሥራ ሌላ መንገድ አሳየ። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካቴተር ከብሽሽት የደም ሥር ተነስቶ ወደ ቀኝ ልብ ይገባል፤ በልብ ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ በትንሹ በስቶ ወደ ግራ ያልፋል፤ ከዚያ ውስጡ የገባው ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ሲዞር ካቴተሩ ወደ ጠበበው ክዳን ያዘነብላል። ፊኛው ተነፍቶ የተጣበቀውን ክዳን ይለያየዋል። ክዳኑ ለዚህ አሠራር ተስማሚ ከሆነ ሕመምተኛዋ በቀናት ውስጥ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

የዚህን ሕክምና ስኬት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የካቴተሩ ጫፍ ወደ ክዳኑ መዞር መቻሉ ነው። አንድ የታጠፈ ሽቦ፣ አንድ የሐኪም እጅ፣ አንድ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ዘንግ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የቆመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል አገራችን ለልብ ሕክምና ምን ያህል እንደደከመች ምስክር ነው። ማዕከል መሥራት፣ ሐኪም ማሠልጠን ትልቅ ድል ነው። ዘንጉ ግን ዛሬም የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው።

«መሠረታዊ ቀዶ ጥገና ላልደረሰው ሕዝብ ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉን አሉ። ቁጥሩን እናውቀዋለን። የላንሴት የዓለም ቀዶ ጥገና ኮሚሽን በ2015 እንደገለጸው 5 ቢሊዮን ሰዎች አስተማማኝና አቅማቸው የሚፈቅደው ቀዶ ጥገና በወቅቱ አያገኙም፤ በየዓመቱም ተጨማሪ 143 ሚሊዮን ቀዶ ጥገናዎች ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ሰፊ ቁስል የሚጎዳው ከሁሉ በላይ ድሃውን ነው። ለሳምንታት እርሻው ያልታረሰለት ገበሬ፣ ጉልቷን ዘግታ የተኛች ነጋዴ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ዳግም ሆስፒታል የገባ የቀን ሠራተኛ የሰፊውን ቁስል ዋጋ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ትንሽ ቀዳዳ ቶሎ ይድናል፤ ኢንፌክሽኑም ያነሰ ነው። ቶሎ ወደ ሥራ መመለስ የሚጠቅመው ከሁሉም በላይ በዕለት ገቢ የሚኖረውን ሰው ነው።

ጥበቡ እንዴት ይሠራል

ማኒፌስቶ በስሜት ብቻ አይቆምም። የምንሟገትለትን ዕቃ ውስጡን ማወቅ አለብን፤ ውስጡ ሲታወቅ ደግሞ ከእኛ አቅም በላይ እንዳልሆነ ይታያል።

የሚመራ ዘንግ መሠረታዊ አሠራር የብስክሌት ፍሬን ካቦ አሠራር ነው። በቱቦ ውስጥ ሽቦ ያልፋል፤ ከአንዱ ጫፍ ሲጎተት ሌላው ጫፍ ይታዘዛል። ሽቦው ከዘንጉ መሐል ወጣ ብሎ በጎኑ ከታሰረ፣ ሲጎተት ያ ጎን ያጥርና ጫፉ ወደዚያ ይታጠፋል። የሚጎተተው ርዝመት ሽቦው ከመሐል ባለው ርቀትና በማጠፊያው ማዕዘን ይወሰናል። ሽቦው ከመሐሉ 2 ሚሊ ሜትር ርቆ ጫፉ 90 ዲግሪ እንዲታጠፍ ከተፈለገ መጎተት ያለበት 3.14 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያሰላዋል።

ከባዱ ከዚህ ይጀምራል። ዘንጉ ሲታጠፍ ልዝብ፣ ሲጠመዘዝ ግን ግትር መሆን አለበት፤ አለዚያ ሐኪሙ እጀታውን ሲያዞር ጫፉ ባለበት ይቀራል፣ ወይም ዘግይቶ በድንገት ይዞራል። ሲገፋም መጨማደድ የለበትም። መታጠፍን መውደድ፣ መጠምዘዝንና መጨማደድን እምቢ ማለት፤ የንድፍ ሥራው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ተቃርኖ ላይ ነው። ካቴተር ሠሪዎች የፈቱት በድርብርብ ነው። ከውስጥ ሽቦና መሣሪያ እንዲንሸራተትበት የቴፍሎን ሽፋን ይደረጋል፤ በላዩ ቀጭን የስቴንለስ ስቲል ሽቦ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ ከውጭ ፕላስቲክ ይለብሳል። ፕላስቲኩ ወደ እጀታው ጠንከር፣ ወደ ጫፉ ለስለስ እያለ ይሄዳል። መጠምዘዝን የሚያስተላልፈው ጉንጉኑ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሰበቃ ነው። በታጠፈ ቱቦ ውስጥ የሚጎተት ሽቦ ጉልበቱን የሚያጣው በመታጠፊያዎቹ ድምር ማዕዘን ልክ መሆኑን ከሊዮናርድ ኦይለር ዘመን ጀምሮ እናውቃለን። የሰበቃው መጠን 0.2 ቢሆን፣ መንገዱ በድምሩ 180 ዲግሪ ሲታጠፍ በእጀታው ከጎተትነው ጉልበት ጫፉ የሚደርሰው 53 በመቶ ብቻ ነው። ድምሩ 360 ዲግሪ ሲሞላ 28 በመቶ ይቀራል። የእኛ እጅ ጎትቶ ጫፉ የማይሰማበት፣ ጫፉ ግድግዳ ነክቶ እጃችን የማያውቅበት ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ለስላሳ ሽፋን የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ሐኪሙ የሕመምተኛውን ሥጋ የሚዳስሰው በዚያ ሽፋን በኩል ነውና።

ሦስተኛው ቀጭንነት ነው። የአንድ ድፍን ዘንግ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ እርከን ይቀንሳል፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲያንስ ለመታጠፍ 16 እጥፍ ይላላል። ለሕፃን ልብ ቀጭን ዘንግ እንፈልጋለን፤ ሲቀጥን ግን አልገፋም ይላል። እዚህ ላይ የብረቱ ዓይነት ይወስናል። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በ2 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ሲታጠፍ የውጨኛው ቆዳው 5 በመቶ ይለጠጣል። ተራ ብረት ከ1 በመቶ በታች ተለጥጦ ቅርጹን ያጣል። ኒኬልና ቲታኒየም ተዋህደው የሚሰጡት ኒቲኖል ግን እስከ 8 በመቶ ገደማ ተለጥጦ ይመለሳል። ብረትን መጠቀም የፈለገ ንድፍ አውጪ ደግሞ ቱቦውን በሌዘር በየረድፉ ሰንጥቆ፣ እያንዳንዱ ስንጥቅ ትንሽ ትንሽ እንዲከፈት አድርጎ ያጣጥፈዋል።

አራተኛው የመንጋጋው ሽቦ ነው። በላፓሮስኮፒ መቆንጠጫ ጫፉ ሲታጠፍ መንጋጋውን የሚዘጋው ሽቦ ካጠረ ወይም ከረዘመ፣ የያዘውን ሥጋ ሳያስቡት ይለቃል ወይም ይጨፈልቃል። መፍትሔው ያን ሽቦ በዘንጉ መሐል ለመሐል ማሳለፍ ነው፤ መሐሉ ሲታጠፍ ርዝመቱ አይለወጥምና። ትንሽ የምትመስል የቦታ ምርጫ ሥጋ ታድናለች።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በሆድ ግድግዳ ቀዳዳ የገባ ቀጥ ያለ መሣሪያ አራት እንቅስቃሴ ብቻ አለው፦ መግባትና መውጣት፣ ባለበት መሽከርከር፣ ወደ ጎን ማዘንበል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማዘንበል። በዚያ ላይ ቀዳዳው ምሰሶ ስለሚሆን እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ጫፉ በሁለት አቅጣጫ መታጠፍ ሲችል እንቅስቃሴው ስድስት ይሞላል፤ በማንኛውም ማዕዘን መርፌ መስፋት ይቻላል።

ሁለት መንገዶች

አንደኛው መንገድ የሮቦት ነው። ዳ ቪንቺ ድንቅ ሥራ ነው፤ የሚክድ የለም። ዋጋው ግን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ የጥገና ውሉ በየዓመቱ ይከፈላል። ብዙዎቹ የሚታጠፉ መሣሪያዎቹ ለዓመታት የተሸጡት 10 ጊዜ ያህል ካገለገሉ በኋላ ሥራ እንዲያቆሙ ሆነው ነው። አምራቹ ኩባንያ በ2020 የአንዳንዶቹን ገደብ ወደ 12 እስከ 18 ጊዜ ማሳደጉ የመሣሪያ ዕድሜ በንድፍና በሙከራ የሚራዘም ነገር መሆኑን አሳይቷል።

ሁለተኛው መንገድ የእጅ ነው። በኔዘርላንድስ ዴልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፓውል ብሬድቬልድ የሚመራው ቡድን የስኩዊድ ጡንቻዎች አደራደር አይቶ ሽቦዎችን ጎን ለጎን በቀለበት ደረደራቸው። ለእያንዳንዱ ሽቦ ቀዳዳ መብሳት ሳያስፈልግ፣ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው በሁለት ሞላዎች መካከል ይቆማሉ። መብሳት ሲቀር መሣሪያው ይቀጥናል፤ 0.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሚመራ ጫፍ እስከ መሥራት ደርሰዋል። ድራጎንፍሌክስ የተባለው ሌላው ሥራቸው ክፍሎቹ በሦስት አውታር ማተሚያ የታተሙ፣ ቁጥራቸውም በጣት የሚቆጠር ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የቲም ሆረማን ቡድን ጫፉን በሽቦ ፋንታ አንዱ በሌላው ውስጥ በሚዞሩ ቱቦዎች የሚያጥፍ፣ ተፈትቶ የሚታጠብ መሣሪያ ነድፏል።

እኛ የምንከተለው ይህን ሁለተኛ መንገድ ነው። ሮቦት ባለበት ሮቦት ያገልግል። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት፣ ማሽኑን የሚጠግን መሐንዲስ በአውሮፕላን በሚጠበቅበት ሆስፒታል ግን የሐኪሙ እጅ በቀጥታ የሚያዝዘው ዘንግ ይበልጣል።

አንቀጾቻችን

አንደኛ፤ ዘንጉ ጤናማውን ሥጋ አይጉዳ። ጫፉ ለስላሳ፣ ግትርነቱ በቀስታ የሚለወጥ ይሁን። ድንገት ከግትር ወደ ልዝብ የሚሸጋገር ዘንግ እዚያው ላይ ይሰበራል፤ የደም ሥርንም ይቧጭራል።

ሁለተኛ፤ የሐኪሙ እጅ ይስማ። ሰበቃን መቀነስ፣ ጫፉ የነካውን ለእጅ መመለስ ከመታጠፊያው ማዕዘን እኩል ይመዘን። የበዛ ዲግሪ የሚያስተዋውቅ፣ የሚሰማውን ግን የሚደብቅ መሣሪያ አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፤ የሚፈታ ይሁን፤ ያለ ልዩ መፍቻ፣ በጓንት እጅ። ያልታጠበ ነገር አይመክንም፤ ደምና ሥጋ የደረቀበት ስንጥቅ ለባክቴሪያ ምሽግ ነው። ከ2013 ወዲህ በአሜሪካ ሆስፒታሎች መድኃኒት የተለማመዱ ባክቴሪያዎች በዱዮዴኖስኮፕ (እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ በሚገባ ኢንዶስኮፕ) ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ የተላለፉት በጫፉ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ለማጠብ አስቸጋሪ ስለነበር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 ሆስፒታሎች ተነቃይና ተጣይ ጫፍ ወዳላቸው መሣሪያዎች እንዲሸጋገሩ መክሯል። የመሣሪያው ንድፍ ያሳመማቸውን ሰዎች ሁልጊዜ እናስባለን።

አራተኛ፤ እንፋሎት ይቻል። በ134 ዲግሪ ሴልሺየስ እንፋሎት ደጋግሞ መምከን የሚችል ዘንግ እንሻለን። ለእንፋሎት የማይበገር ካልሆነ ብዙ ሆስፒታሎች የሌላቸውን የጋዝ ማምከኛ ይጠይቃል፤ አለዚያም አንዴ ተሠርቶበት ይጣላል። መመሪያውም ለሚጠቀመው አገር ይጻፍ፦ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ አውቶክሌቭ (የእንፋሎት ማምከኛው) ያንኑ ሙቀት ለመያዝ በመለኪያው ላይ ከፍ ያለ ግፊት ማሳየት አለበት።

አምስተኛ፤ ሲበላሽ በደኅና ይበላሽ። ሽቦው ቢበጠስ ጫፉ ልል ሆኖ ቀጥ ይበል፤ ታጥፎ ገላ ውስጥ አይቆለፍ። ይህን ያላረጋገጠ ንድፍ ገላ አይግባ።

ስድስተኛ፤ የሚጠገን ይሁን። ሽቦው፣ ሞላው፣ መንጋጋው በመለዋወጫ ይቀየር። በ2011 የታተመ በ16 አገሮች የተመዘገቡ ከ112,000 በላይ መሣሪያዎችን የመረመረ ጥናት 38.3 በመቶው አገልግሎት እንደማይሰጥ አሳይቷል፤ ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ የሥልጠና፣ የመሣሪያ አስተዳደርና የመሠረተ ልማት ጉድለት ናቸው። መጋዘን ከሞላው የተበላሸ መሣሪያ ብዙው በአንድ ወቅት የሠራ ነው።

ሰባተኛ፤ እጀታው ለሚይዘው እጅ ይለካ። የላፓሮስኮፒ እጀታ ለሰፊ መዳፍ ሲሠራ ኖሯል፤ ትንሽ ጓንት የሚያጠልቁ ቀዶ ሐኪሞች፣ በተለይ ሴቶች፣ ለዓመታት በአውራ ጣታቸውና በአንጓቸው ሕመም ከፍለውበታል። እጀታ በተለያየ መጠን ይቅረብ።

ስምንተኛ፤ ርካሽ ማለት ያልተፈተነ ማለት አይደለም። የጥራት ሥርዓት፣ የአደጋ ትንተና፣ የቁሱ ከሰውነት ጋር መስማማት በዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሠረት ይረጋገጥ፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይፈቅድ አንድም ዘንግ ሕመምተኛ አይንካ። ድሃ ሕመምተኛ የሙከራ ሰው አይደለም።

የምንጠይቀው

ከዩኒቨርሲቲዎች፦ በአዲስ አበባና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሜዲካል ምሕንድስና የሚማሩ ወጣቶች የመመረቂያ ሥራቸው መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር ይደረግ። ዘንግ ነድፎ፣ በቶርኖ ቀርጾ፣ ሰበቃውን ለክቶ፣ አጣጥፎ እስኪበጠስ ፈትኖ ውጤቱን ማሳተም የአንድ ትውልድ ፕሮግራም ይሁን። ይህ የጥናት መስክ ግዙፍ ማሽን አይጠይቅም፤ ሽቦ፣ ቱቦ፣ ሚዛን፣ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከሆስፒታሎች፦ መሐንዲሱን ማሽን ሲበላሽ ብቻ አትጥሩት። ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡት፤ ቀዶ ሐኪሙ አንጓውን የት እንደሚያጣምም፣ ነርሷ የትኛውን ዕቃ ለማጠብ እንደምትቸገር በዐይኑ ይይ። የማምከኛ ክፍል ባለሙያዎች በንድፍ ጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር ይኑራቸው። የዘንጉን ድካም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከገዢዎችና ከለጋሾች፦ የጨረታ ሰነድ የመግዣ ዋጋን ብቻ አይጠይቅ። ስንት ጊዜ ይመክናል? መለዋወጫው የት አለ? የጥገና ጽሑፉ ይሰጣል? አንድ ሕመምተኛ ማከም በጠቅላላው ስንት ያስወጣል? ለነዚህ መልስ የሌለው መሣሪያ በስጦታም ቢመጣ ዕዳ ነው።

ከኩባንያዎች፦ ትርፍ ማግኘታችሁን አንቃወምም። የጥገና ጽሑፍን መደበቅን፣ መሣሪያን ከዕድሜው በፊት መግደልን እንቃወማለን። ፓተንት በአብዛኛው ከ20 ዓመት በኋላ ያበቃል፤ ባልተመዘገበበት አገርም አይጸናም። ጊዜያቸው ያለፉ የሽቦና የመጋጠሚያ ጥበቦች የሰው ልጅ ሁሉ ናቸው፤ እናነባቸዋለን፣ እንሠራባቸዋለን።

በውጭ ከምትኖሩ ወገኖቻችን፦ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል በሕክምና መሣሪያ ፋብሪካዎች፣ በካቴተር ክፍሎች፣ በጥራት ቁጥጥር የምትሠሩ አላችሁ። አገር ቤት ያገለገለ ዕቃ መላክ ደግ ነው። የሚበልጠው ዕውቀት ነው፦ አንድ የመመረቂያ ሥራ አማክሩ፣ የአደጋ ትንተና እንዴት እንደሚጻፍ አስተምሩ፣ ለሙከራ የሚሆን የኒቲኖል ሽቦ ላኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የራስን መሥራት የሚያስተምር ሰው ግን አገር ያደምቃል።

የምናየው ዘመን

ነገ በዞን ሆስፒታል ያለች ቀዶ ሐኪም የሐሞት ከረጢት ስታወጣ ጫፉ የሚታጠፍ መቆንጠጫ በእጇ ይኖራል። ሥራዋን ስትጨርስ ነርሱ መሣሪያውን ፈትቶ ያጥበዋል፣ በዚያው ሆስፒታል አውቶክሌቭ ያመክነዋል። ሽቦው ሲያረጅ መሐንዲሱ በዚያው ሳምንት ይቀይረዋል። ክዳኑ የጠበበባት ወጣት እናት ተራዋ ሲደርስ ካቴተር ጠፋ ተብላ ወደ ቤት አትመለስም። በጅማ ወይም በአዲስ አበባ የተነደፈ መጋጠሚያ በሌላ አህጉር ሐኪም እጅ ይገባል፤ እኛም ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት እንሻገራለን።

ይህን ሁሉ የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ የለም። ሽቦው ይታወቃል፣ ስሌቱ ይታወቃል፣ ብረቱ ይታወቃል፣ በሽታውም ይታወቃል። የሚቀረው የሰው ውሳኔ ነው።

አንተ ተማሪ፣ የመመረቂያ ርዕስህን ገና ካልመረጥህ ይህን ምረጥ። አንቺ ቀዶ ሐኪም፣ እጅሽን የሚያደክመውን መሣሪያ ሣይና ለመሐንዲስ ስጪ። እርስዎ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ፣ በሚቀጥለው ጨረታ «ይፈታል ወይ? ይጠገናል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የሚመራ ዘንግ የሕሙማን ሁሉ መብት ነው፤ ኑ፣ አብረን እንሥራው።